በሰው ምላስ ስለ መቅመስ

በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተሰሜን፣ ናፓ የሚባል ሸለቆ አለ። ርዝመቱ አምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወርዱ ግን ደኅና እግረኛ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚሻገረው ነው። በዚህች ጠባብ መሬት ላይ ከ400 የሚበልጡ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ቤቶች አሉ። በካሊፎርኒያ ከሚጠመቀው የወይን ጠጅ ሁሉ የናፓ ድርሻ ከመቶ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ስሙ ግን ከመጠኑ እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ ከየአገሩ ሰው ይጐርፍበታል። የእኛም ልጆች በኦክላንድና በሳን ሆዜ አካባቢ በብዛት ስለሚኖሩ፣ ልደት ወይም ምርቃት ሲሆን፣ ወይም ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ፣ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ወደዚያ ለሽርሽር መውጣትን ልማድ አድርገውታል።

በዚህ ጽሑፍ የምነቅፈው መጠጣታቸውን አይደለም። እኔን ያስተማሩኝ ሚሲዮናውያን ወይን በአፋቸው የማይነኩ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የእነርሱን ሥርዓት ለመስበክ ብዕር አላነሣሁም። የምነቅፈው አመራረጣቸውን ነው። በዚያ አገር ሕግ 21 ዓመት ያልሞላው ወጣት መጠጥ እንዲቀምስ ስለማይፈቀድለት፣ ከአንባቢዎቼ ታናናሾቹ የሆኑት ይህን ሐተታ ለሌላ ነገር ምሳሌ አድርገው ያንብቡት፤ መጽሐፍ ሲመርጡ፣ ትምህርት ቤት ሲመርጡ፣ ምናልባትም ጓደኛ ሲመርጡ ያገለግላቸው ይሆናል።

ልጄን ለመጠየቅ ወደ ኦክላንድ በሄድሁ ጊዜ፣ እርስዋና አራት ጓደኞችዋ ለቅዳሜ ያዘጋጁትን የጉዞ ዝርዝር አሳዩኝ። በዝርዝሩ ላይ ሰባት መጥመቂያ ቤቶችና ሁለት ምግብ ቤቶች ተጽፈዋል። ከያንዳንዱ ስም አጠገብ ቁጥር አለ፤ አንዱ 94፣ አንዱ 97፣ አንዱ 4.8፤ ከምግብ ቤቶቹም አጠገብ ኮከብ። ወይኑ ከምን ዓይነት ፍሬ እንደሚጠመቅ፣ መሬቱ ቆላ ይሁን ደጋ፣ ሠሪው ማን እንደ ሆነ የሚናገር አንድ ቃል አልነበረበትም። ዕድሜዬን በማስተማር ስላሳለፍሁ፣ ወረቀቱ የክፍል ተማሪዎች የውጤት መዝገብ መሰለኝ። የመሰለኝም በከንቱ አልነበረም፤ ነገሩ በእውነት ከትምህርት ቤት የተወሰደ ነውና።

ይኸውም እንዲህ ነው። ሮበርት ፓርከር የሚባል የሜሪላንድ ጠበቃ በ1978 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ስለ ወይን ጠጅ ብቻ የምታትት አንዲት ትንሽ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። የአሜሪካ ተማሪ በክፍል ውስጥ በሚታረምበት ዓይነት ለያንዳንዱ ወይን ከመቶ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ልዩነቱ፣ ማንኛውም ወይን ጠርሙስ ውስጥ ስለ ገባ ብቻ 50 ነጥብ በነፃ ማግኘቱ ነው፤ የሚፈረደው በቀሪው 50 ላይ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዚህ ሰው ቁጥር የዓለምን የወይን ገበያ ገዛ። 90 ያገኘ ወይን ይሸጣል፤ 89 ያገኘው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እርሱ በፍሬ የደለበና ኃይለኛ የሆነውን ወይን ስለሚወድ፣ ብዙ ጠማቂዎች ለምላሱ እንዲስማማ አድርገው መጥመቅ ያዙ። በ2019 ሥራውን ተወ፤ ከመቶ ማረሙ ግን አልቀረም፤ ዛሬ በየመጽሔቱና በየስልኩ ላይ ተባዝቶ ይገኛል።

ለፓርከር ፍርድ ማጓደል አይገባም። ሥራውን ሲጀምር ከነጋዴ ማስታወቂያ ሳይቀበል፣ የገዥውን ገንዘብ ለመጠበቅ ብሎ ነው። ስሙ በገነነ ጠርሙስ ውስጥ መናኛ ወይን ሲያገኝ መናኛ ነው ብሎ ለመጻፍ አልፈራም። ለእንግዳ ሰው፣ አራት መቶ በር ፊት ለፊት ቆሞ የትኛውን እንደሚያንኳኳ ለማያውቅ፣ ቁጥር አንድ ነገር ይጠቅማል። ነገር ግን መንገድ ለማሳየት የቆመ ምልክትና መንገዱ ራሱ የተለያዩ ናቸው።

አርባ የድርሰት ወረቀት ተሸክሞ ወደ ቤቱ የገባ መምህር ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ፈጽሞ ያልሠራውን ልጅ ከሠራው ልጅ መለየት ቀላል ነው። በ78ና በ81 መካከል ያለው ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ የልጁ ሳይሆን የመብራቱ፣ የሰዓቱና የመምህሩ ራት መብላት አለመብላት ነው። በወይንም ላይ ይኸው በሥራ ተፈትኖ ታይቷል። ሮበርት ሆጅሰን የሚባል ጡረተኛ ፕሮፌሰር፣ ራሱም ወይን ጠማቂ የሆነ፣ በካሊፎርኒያ በየዓመቱ በሚደረገው ትልቅ የወይን ውድድር ላይ ለዳኞች ከአንዱ ጠርሙስ የተቀዳውን ወይን ሦስት ጊዜ ከሌሎች ጋር ቀላቅሎ እንዲቀርብላቸው አደረገ። ዳኞቹ አንድ መሆኑን አላወቁም። በ2008 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጠው፣ ለዚያው ለአንዱ ወይን ተቀራራቢ ፍርድ ደጋግመው የሰጡት ዳኞች ከአሥር አንድ ያህል ነበሩ። ሌሎቹ ያንኑ ወይን አንድ ጊዜ ለሽልማት ሲያበቁት ሌላ ጊዜ ዝቅ ያደርጉት ነበር። እነዚህ ዳኞች ሞኞች አይደሉም፤ የለመዱና የተማሩ ናቸው። ምላስ ግን ሚዛን አይደለም።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ያየሁትን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ቤት ውስጥ፣ ስሙን ልተወው፣ አንድ ነጭ ወይን ቀረበልን። ከጓደኞችዋ አንዱ፣ ቁም ነገረኛ ልጅ፣ ቀምሶ ፊቱ ፈካ። «ጋሼ፣ ይኼ እንዴት ግሩም ነው!» አለኝ። ቀጂውንም ጥቂት እንዲጨምርለት ለመነው። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ፈለገና የወይኑን ነጥብ አገኘ፤ 86 ይላል። ልጁ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ተመለከተ፣ እንደ ገና ቀመሰ፣ «ለነገሩ ትንሽ ይጎድለዋል» አለና የቀረውን በመድፊያው ባልዲ ውስጥ ደፋው። ወይኑ በዚያች ደቂቃ ውስጥ አልተለወጠም። እኔ ያዘንሁት ለወይኑ አይደለም፤ ያ ልጅ ደስታው የራሱ ምስክርነት መሆኑን ሳያውቅ፣ በማያውቀው ሰው ቃል የገዛ አፉን ውሸታም ስላደረገው ነው።

በሦስተኛው ቤት ደግሞ ቀጂው ቀይ ወይን እያፈሰሰ ከቃሉ የሚያጠናውን አነበነበልን፤ የቆዳ ሽታ፣ የትምባሆ ሽታ፣ የብላክ ከረንት ሽታ እንዳለው። አምስቱም ልጆች ራሳቸውን ነቀነቁ። ብላክ ከረንት በእንግሊዝ አገር የሚበቅል ጥቁር ፍሬ ነው፤ ከአምስቱ አንዳቸውም በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሴቶቹ አንደኛዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ጌሾ የበዛበት ጠጅ ይመስላል» አለችኝ። ለምን ጮክ ብለሽ አልተናገርሽም ብላት ሣቀችና አፈረች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው አነጋገር የእርስዋ ነው እላለሁ። ቀይ ወይን አፍን የሚያደርቀውና የሚያጠብቀው ምሬት የሚመጣው ከፍሬው ቅርፊት፣ ከዘሩና ከበርሜሉ እንጨት ነው፤ የምሬቱም ሥራ ጣፋጩን መያዝና ወይኑን ማቆየት ነው። ጌሾ በማር ላይ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። አንዲት የጠጅ ጠማቂ የልጅ ልጅ በራስዋ ዕውቀት የደረሰችበትን ትታ፣ ያላየችውን ፍሬ ስም ለመዋስ መቸኮልዋ ከድህነት ሁሉ የከፋ ድህነት ነው።

ምናልባት አንዱ፣ «እኛስ አገር ቤት ሳለን የጠጅ ቤት የምንመርጠው በሰው ወሬ አይደለምን?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ያን ወሬ የነገረህ ሰው ፊቱን ታውቀዋለህ፤ ጠጁ ብርዝ ሆኖ ብታገኘው በማግስቱ ሄደህ ትሟገተዋለህ። ከቁጥር ጋር ማን ይሟገታል?

የናፓ ስም ራሱ የተተከለው ቁጥርና ስም በተሸፈነበት ቀን መሆኑን ብዙዎች ጎብኝዎች አያስታውሱም። በግንቦት 24 ቀን 1976፣ ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል በፓሪስ የሚኖር እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ፣ ዘጠኝ የታወቁ ፈረንሳውያን ቀማሾችን ሰብስቦ የካሊፎርኒያንና የፈረንሳይን ወይን ጠርሙሱን ሸፍኖ አቀረበላቸው። ከዳኞቹ አንዱ የናፓውን ነጭ ወይን ቀምሶ፣ ወደ ፈረንሳይ ተመለስን ብሎ ደስ አለው ይባላል። መጨረሻ ላይ ሲገለጥ ከነጩ አንደኛ የወጣው ሻቶ ሞንተሌና፣ ከቀዩም አንደኛ የወጣው ስታግስ ሊፕ፣ ሁለቱም የ1973 የናፓ ወይን ሆኑ። ነጩን የጠመቀው ማይክ ግርጊች ከክሮኤሺያ የመጣ ስደተኛ ነበር። በቀዩ በኩል በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት የነጥብ ሽራፊ ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ነገር ማን በለጠ ሳይሆን፣ ስሙ ሲሸፈን ምላስ ነፃ መውጣቱ ነው። የቃና ዘገሊላን ሠርግ ያነበበ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። የግብዣው አሳዳሪ ወይኑ ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ ቀምሶ ነው መልካም ነው ብሎ የፈረደው። ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ያውቁ ነበር፤ እርሱ አያውቅም ነበር፤ ፍርዱ የታመነውም ስለዚሁ ነው።

ስለ ምግብ ቤቶቹ ኮከብም ጥቂት ልናገር። ኮከብ የሚሰጠው ሚሽለን፣ በፈረንሳይ አገር የመኪና ጎማ የሚሠራው ኩባንያ ነው። በ1900 የመጀመሪያውን መሪ መጽሐፍ ያሳተመው ባለ መኪኖች ብዙ እንዲጓዙና ጎማቸው ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ኮከቡ የተጀመረው በ1926 ሲሆን፣ ቈይቶ ትርጕሙ እንዲህ ሆነ፤ ሁለት ኮከብ መንገድ ጠምዝዞ መሄድ የሚያስፈልገው ቤት፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ ለእርሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ የሚደረግለት። ይህን ሚዛን ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ ምግቡ የሚለካው በተነዳ ኪሎ ሜትር ነው። መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ደብቀው፣ ሒሳባቸውን ራሳቸው ከፍለው እንደሚበሉ ይነገራል፤ ያም የሚመሰገን ነው። ሆኖም በ2019 መጽሐፉ መላውን ካሊፎርኒያ እንዲያጠቃልል የአገሩ የቱሪዝም ድርጅት 600,000 ዶላር መክፈሉን ማወቅ ደግሞ አይጐዳም።

በናፓ ሸለቆ ውስጥ ያውንትቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፍሬንች ላውንድሪ የሚባል በጣም የታወቀ ምግብ ቤት አለ። ስሙ የልብስ ማጠቢያ ማለት ነው፤ የድንጋዩ ቤት ቀድሞ ልብስ ይታጠብበት ነበርና። ቶማስ ኬለር የሚባለው ወጥ ሠሪ በ1994 ገዛው፤ በ2006 ሦስት ኮከብ አገኘ። የሥራው ትጋት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለአንድ ሰው ራት ብዙ መቶ ዶላር የሚያስከፍል ቤት፣ ገና ሥራ ለጀመረና ለእናቱ ገንዘብ ለሚልክ ወጣት ምግብ ሳይሆን ፎቶግራፍ ነው የሚሸጥለት። ከእርሱ ጋር በኮከብ ይስተካከል የነበረው የሜዶውድ ምግብ ቤት በመስከረም 2020 በተነሣው የሰደድ እሳት ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ጭሱ በፍሬው ላይ ስለ ሰፈረ፣ ብዙ ጠማቂዎች ቀይ ወይን ሳይጠምቁ ቀሩ። እንዲህ ያለውን ነገር ኮከብ አይናገርም፤ ሸለቆውን የሚያውቅ ሰው ግን የ2020ን ጠርሙስ ሲያይ ስለዚያ ዓመት ይጠይቃል።

እንዴት ይመረጥ ለሚለኝ፣ የምመክረው ከመሬቱ መጀመር ነው። ሸለቆው በደቡብ በኩል በባሕር ወሽመጥ አጠገብ ስለሚጀምር፣ ካርኔሮስ የሚባለው ስፍራ ጭጋጋምና ቀዝቃዛ ነው፤ ሻርዶኔና ፒኖ ኗር የሚባሉት ቀዝቃዛ ወዳድ ወይኖች እዚያ ይስማማቸዋል። ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ራዘርፎርድና ካሊስቶጋ ሲደርሱ ካቤርኔ የሚባለው ቀይ ወይን ነው የሚነግሠው። ስለዚህ አንድ ቤት ከደቡብ፣ አንድ ቤት ከመካከል፣ አንድ ቤት ከሰሜን የቀመሰ ሰው፣ ከቁጥር ሁሉ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል፤ ፀሐይና ጭጋግ በአፉ ውስጥ ይለዩለታል። ሸለቆውን በቁመቱ የሚሄዱ ሁለት መንገዶች አሉ፤ በምዕራብ ያለው 29 ቍጥር መንገድ ቅዳሜ ዕለት በመኪና ይታጨቃል፤ በምሥራቅ ያለው ሲልቬራዶ መንገድ ግን ጸጥ ያለ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ቀን ማባከን የዝርዝሩ ጥፋት ነው። ከ1990 ወዲህ የተቋቋሙት ቤቶች አስቀድሞ ቀጠሮ ላልያዘ ሰው እንዳያስቀምሱ የወረዳው ደንብ ስለሚከለክል፣ ስልክ መደወልን አትርሱ።

ቤቶቹም ከሦስት አይብለጡ። ምክንያቱ የሒሳብ ነው። በአንድ ቤት አምስት ዓይነት ወይን ጥቂት ጥቂት ሲቀዳ ሲደመር አንድ ሙሉ ብርጭቆ ያህል ይሆናል፤ በሰባት ቤት ሰባት ብርጭቆ ማለት ነው። እኛ ከሰባቱ አምስቱን ብቻ ደረስን፤ አምስተኛው፣ ያ 97 የተጻፈበት ቤት፣ በደነዘዘ ምላስ ተጠጣ። ለየሰዉ 75 ዶላር ከፍለን አንዳችንም ጣዕሙን ለመናገር አልቻልንም። በ1970ዎቹ ብዙዎቹ ቤቶች በነፃ ያስቀምሱ እንደ ነበረ ሳስብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቆረቍረኛል። ቀምሶ ባልዲው ውስጥ መትፋት በዚያ አገር ነውር አይደለም፤ የሙያው ሰዎች ሁሉ ይተፋሉ። መኪና የሚነዳው ግን አስቀድሞ ይወሰን፤ ይህ የጓደኝነት ጉዳይ እንጂ የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

በትምህርት ቤት «ትሬዠር አይላንድ»ን ያነበባችሁ ሁሉ የደራሲውን የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን ስም ታውቃላችሁ። በ1880 ገና ድኻና በሽተኛ ሳለ፣ አዲስ ካገባት ሚስቱ ጋር ወደዚህ ሸለቆ መጥቶ ሽራም የሚባለውን ጀርመናዊ ጠማቂ ጎብኝቶ ነበር። የቤቱ እመቤት ሚስቱን በረንዳ ላይ ስታጫውት፣ እርሱ ከባልየው ጋር ከተራራው ሥር በተቆፈረው ዋሻ ውስጥ ይቀምስ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፤ ስለዚያም በ1883 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጻፈ። ዋሻውን የቆፈሩት ቻይናውያን ሠራተኞች ነበሩ። ሽራምስበርግ የሚባለው ቤት ዛሬም በዚያው ስፍራ ሲኖር፣ የዋሻው ግድግዳ የመቆፈሪያቸውን ምልክት እንደ ያዘ ነው።

የዛሬዎቹ ሠራተኞች ደግሞ አብዛኛዎቹ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። በመከር ጊዜ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ ፍሬው ቀዝቃዛ ሳለ እንዲደርስ በሌሊት ግንባራቸው ላይ ፋኖስ አስረው ይለቅማሉ። ከእነርሱ ጥቂቶቹ የሚያድሩባቸው እያንዳንዳቸው 60 አልጋ ያላቸው ሦስት ማደሪያዎች በወረዳው አሉ፤ ባለ እርሻዎቹም ለማደሪያዎቹ በመሬታቸው ስፋት ልክ ገንዘብ ያወጣሉ። ስለ እነዚህ ሰዎች በአንድም ዝርዝር ላይ ነጥብ አላየሁም። ስለዚህ በሌላ ቅዳሜ፣ ሁለት ቤት ብቻ መርጠን ስንመለስ፣ ቀጂዎቹን፣ «ይህን ወይን ማን ለቀመው?» ብዬ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ወደ ወረቀቱ ተመለከተና ስለ በርሜሉ እንጨት መናገር ጀመረ። ሁለተኛይቱ ግን የለቃሚዎቹን አለቃ በስሙ ጠራችው፤ ስንት ዓመት ከእነርሱ ጋር እንደ ቆየ፣ የትኛው ተዳፋት መጀመሪያ እንደሚበስል የሚያውቀው እርሱ መሆኑን፣ ልጁም አሁን በመጥመቂያው ውስጥ እንደሚሠራ ነገረችን። ከእርስዋ ዘንድ አንድ ጠርሙስ ገዛን። ምሳችንንም የት እንብላ ብለን ስንጠይቃት፣ ሴንት ሄለና ውስጥ በ1949 የተከፈተውን የመንገድ ዳር ሃምበርገር ቤት አመለከተችን፤ እርስዋም ብዙ ጊዜ እዚያ እንደምትበላ ጨምራ። ከደጅ ባለው የእንጨት ገበታ ላይ ተቀምጠን በላን፤ ያቺ ስለ ጌሾ የነገረችኝ ልጅም እኛ የምንጠጣውን ትታ፣ መኪና የምትነዳው እርስዋ ስለ ነበረች፣ ሎሚናት ጠጣች።